ሽንት ቤት ውሃ ሲያፈስ፦ ከየት እንደሆነ ማግኛና መጠገኛ ዝርዝር መመሪያ

ሽንት ቤት ማፍሰስ ሲጀምር ብዙ ሰው የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው። ሱቅ ሄዶ ዕቃ ይገዛል፣ ይቀይራል፣ ማፍሰሱ ግን አይቆምም። ሌላ ዕቃ ይገዛል፣ አሁንም ያፈሳል። ጥፋቱ የእጅ ሳይሆን የቅደም ተከተል ነው። ውሃው ከየት እንደሚወጣ ሳይታወቅ ነው መፍቻ የተነሣው። ስለዚህ እዚህ መጀመሪያ ቦታውን እንፈልጋለን፣ መፍታት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አብሽሩ፣ ቦታው ከታወቀ አብዛኛው ጥገና በአንድ ረፋድ ያልቃል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ይህ በይደር የሚታለፍ ነገር አይደለም። ወደ መቀመጫው በደቂቃ ሩብ ሊትር፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ያህል ቢወርድ በሰዓት 15 ሊትር፣ በቀን 360 ሊትር ይሆናል። 1000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ማንም ሳይነካው ሦስት ቀን ሳይሞላ ባዶ ይቀራል።

በስም እንግባባ

ሱቁም ባለሙያውም የየራሱ አጠራር ስላለው፣ እዚህ የምጠቀምባቸውን ስሞች ልንገራችሁ። ከመቀመጫው ጀርባ ያለውን የሸክላ ወይም የፕላስቲክ የውሃ ሳጥን «ታንክ» እለዋለሁ። ጣሪያ ወይም ማማ ላይ ያለው «ሮቶ» ነው። ታንኩ ውስጥ ውሃ የሚያስገባውና ሲሞላ የሚዘጋው «ፍሎተር» ነው። ቁልፉን ስትጫኑ ወይም እጀታውን ስትስቡ ውሃውን ወደ መቀመጫው የሚለቀው ደግሞ «መልቀቂያ» ነው። ታንኩ መሃል ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አፉ ክፍት የሆነ ቱቦ አለ። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞላ በእሱ በኩል ወደ መቀመጫው ይወርዳል። እሱን «የትርፍ ውሃ ቱቦ» እንበለው። ከግድግዳው የምትወጣው ትንሽ መዝጊያ «አንግል ቫልቭ» ናት፣ ከእሷ ወደ ታንኩ የሚሄደው ተጣጣፊ ቱቦ «ፍሌክሲብል»።

ዝግጅት

ቀኑን ምረጡ። ሥራውን የምትጀምሩት ውሃ ባለበት ቀን፣ ጠዋት ላይ ይሁን። ውሃ ከሌለ የጠገናችሁትን መፈተሽ አትችሉም። ማታ ከጀመራችሁ ደግሞ አንዲት ጎማ ስትጎድል ሱቁ ዘግቶ ያድራል። ዓርብ ከሆነ ለጁምዓ የሚዘጉ ሱቆች ስላሉ ቀትር ሳይደርስ ዕቃችሁን ሸምቱ።

ለቤተሰቡ ንገሩ። ውሃ ከመዝጋታችሁ በፊት ሁለት ጀሪካን ሙሉ፣ አንዱ ለኩሽና፣ አንዱ ለመታጠቢያ። ውዱ የሚያደርግ ሰው ካለ በማንቆርቆሪያ ቀድታችሁ አስቀምጡለት። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ነገር ግን ሰው በመሃል ቧንቧ ከፍቶ ሥራችሁን የሚያበላሸው ስላልተነገረው ነው።

ዕቃ አዘጋጁ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ አፉ የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ፣ ባልዲ፣ ስፖንጅ፣ ሁለት አሮጌ ጨርቅ፣ ጓንት፣ እርሳስ፣ ቴፍሎን፣ ነጭ ሶፍት እና የስልክ ባትሪ (መብራቱ)። አቼቶም ይኑር፣ የተጋገረ ኖራ ለማላቀቅ ነው። ለፍተሻው ደግሞ አንድ ቀይ ስር ልጣችሁ ቀቅሉና ውሃውን አስቀሩ። ቀይ የምግብ ቀለም ያለው ሰው ቀይ ስሩ አያስፈልገውም።

ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። የትኛው ክፍል እንደተበላሸ ገና አላወቃችሁም። ስታውቁም አሮጌውን ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ጎማዎቹ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፣ ስፋታቸው ግን ከሥሪት ሥሪት ይለያያል። በተለይ ከሐይቅ ወይም ከወረኢሉ ለዕቃ ደሴ ድረስ የምትመጡ ከሆነ አሮጌውን ሳትይዙ መውጣት የአንድ ቀን ድካም ማባከን ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት

ሸክላው የሚሰነጠቀው ሲመታ ብቻ አይደለም፣ ብሎን ከልክ በላይ ሲጠብቅም ነው። የተሰነጠቀ ታንክ አይጠገንም፣ ይቀየራል። የታንኩን ክዳን ስታነሡ ወለል ላይ፣ ጨርቅ ላይ፣ ሰው በማያልፍበት ቦታ አጋድሙት። መቀመጫው ጠርዝ ላይ አታስደግፉት።

አቼቶንና በረኪናን በፍጹም አትቀላቅሉ። ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ ሽንት ቤት ደግሞ ጠባብ ነው። በዚያው ቀን በበረኪና ካጸዳችሁ በብዙ ውሃ አጥባችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ ቆዩ። የባትሪ አሲድ የሚመክራችሁን ሰው አትስሙ። ጎማውንም ይበላል፣ ዓይንንም ያጠፋል።

የዋናውን መስመር ውሃ የምትዘጉ ከሆነ ቦይለሩንና የውሃ ፓምፑን ከኤሌክትሪክ አጥፉ። ውሃ የሌለበት ቦይለር ማሞቂያው ይቃጠላል።

ደረጃ 1፦ ውሃውን መዝጋት መቻላችሁን አረጋግጡ

አንግል ቫልቯን ወደ ቀኝ እያዞራችሁ ዝጉ። ቁልፉን ጫኑና ታንኩን ባዶ አድርጉ። አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ታንኩ እንደገና ካልሞላ ቫልቯ ትዘጋለች ማለት ነው። መልሳችሁ ክፈቷት።

ካልዘጋችስ? ለዓመታት ያልተነካች ቫልቭ ትደርቃለች። በፒንሳ አትታገሏት፣ አንገቷ ከግድግዳው ውስጥ ይሰበርና የትንሿ ማፍሰስ ነገር ግድግዳ ወደ ማፍረስ ይሄዳል። ይልቅ ከሮቶው ሥር ያለውን ሳራቺኔስካ (ዋናውን የውሃ መዝጊያ) ዝጉ። ቤቱ ከመንግሥት መስመርም በቀጥታ የሚያገኝ ከሆነ ቆጣሪው አጠገብ ያለውንም ዝጉ። ሁለት ምንጭ ያለው ቤት ብዙ ነው። አንዱን ዘግቶ ፍሌክሲብሉን የፈታ ሰው ቤቱን በውሃ ያጥለቀልቃል። ፍሌክሲብሉን ከመፍታታችሁ በፊት በአቅራቢያው ያለውን የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃው መቋረጡን በዓይናችሁ እዩ።

ደረጃ 2፦ ከየት እንደሚያፈስ ፈልጉ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ሦስቱም ፍተሻዎች አንድ ላይ ሲሆኑ ነው መልስ የሚሰጡት።

የሶፍት ፍተሻ (ለውጭ ማፍሰስ)

ታንኩን ከውጭ፣ መቀመጫውን፣ ቱቦውንና ወለሉን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ እርጥበት አይቅር። ከዚያ ደረቅ ሶፍት በየቦታው አኑሩ፦ አንግል ቫልቯ ሥር፣ የፍሌክሲብሉ ሁለት ጫፎች ሥር፣ ታንኩን ከመቀመጫው ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ሥር፣ በመቀመጫው እግር ዙሪያ። ግማሽ ሰዓት ማንም አይግባ።

ማንም ሳይጠቀም ሶፍቱ ከረጠበ ምንጩ ውሃ ሁልጊዜ ያለበት ቦታ ነው። ይኸውም ቫልቯ፣ ፍሌክሲብሉ፣ ወይም የታንኩ ብሎኖች። ሁሉም ደረቅ ከሆነ አሁን ቁልፉን ጫኑና ውሃ ልቀቁ። ከዚያ በኋላ ብቻ የሚረጥብ ከሆነ ወይ በታንኩና በመቀመጫው መካከል ያለው ትልቁ ጎማ ነው፣ ወይ መቀመጫው ከፍሳሽ ቱቦው ጋር የሚገናኝበት ቦታ። የመጀመሪያው ከላይ፣ ከታንኩ ሥር ይወርዳል። ሁለተኛው ወለሉ ላይ ብቻ ይታያል፣ ብዙውን ጊዜም ይሸታል።

ታንኩ በጠቅላላ እንደ ላብ ጠብ ጠብ ካለው ግን ማፍሰስ ላይሆን ይችላል። እንደ ደሴ ባለ ብርዳማ ቦታ በሞቀ ውሃ ሻወር ተወስዶ ክፍሉ በእንፋሎት ሲሞላ፣ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ታንክ ላይ ወደ ውሃነት ይለወጣል። መስኮት ከፍታችሁ፣ ጠርጋችሁ፣ ሻወር ባልተወሰደበት ሰዓት ደግማችሁ እዩ።

የቀለም ፍተሻ (ወደ መቀመጫው ለሚወርድ)

የታንኩን ክዳን አንሡ። በቅድሚያ የትርፍ ውሃ ቱቦውን አፍ በባትሪ እዩ። ውሃው ሞልቶ ወደ ውስጡ እየገባ ከሆነ ጥፋቱ ከፍሎተሩ ነው፣ ወደ ደረጃ 3 ሂዱ። ይህን ሳታዩ ቀለም ከጨመራችሁ ቀለሙ በትርፍ ቱቦው ይወርድና ጤነኛውን ጎማ ታስወቅሳላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ውሃው ከቱቦው አፍ በታች ከሆነ የቀይ ስሩን ውሃ ታንኩ ውስጥ ጨምሩ። ቁልፉን ሳትነኩ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ የመልቀቂያው የታች ጎማ አይዘጋም ማለት ነው። ሲያበቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ ልቀቁ፣ ቀለሙ ይጠራል።

የእርሳስ ፍተሻ

ታንኩ ሲሞላ አንግል ቫልቯን ዝጉ። የውሃው ከፍታ የደረሰበትን የታንኩን የውስጥ ግድግዳ በእርሳስ አስምሩ። አንድ ሰዓት ቆይታችሁ እዩ። ካልወረደ ታንኩ ይይዛል፣ ጥፋቱ ከፍሎተሩ ወይም ከቫልቯ በኩል ነው። እየወረደ ሄዶ ወደ ታች ካለቀ የመልቀቂያው ጎማ ነው። መሃል ላይ ወርዶ ከቆመ በቆመበት ከፍታ ላይ ስንጥቅ ፈልጉ። ወይ የትርፍ ቱቦው ተሰንጥቋል፣ ወይ ታንኩ ራሱ።

ቆጣሪ ማየትስ? ጥሩ ነው፣ ግን ሽንት ቤታችሁ ከሮቶ የሚጠቀም ከሆነ ቆጣሪው የሚዞረው ሮቶው ሲሞላ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ቆጣሪው ቆመ ብላችሁ አትጽናኑ።

ደረጃ 3፦ ፍሎተሩ ውሃ አላቆም ሲል

ምልክቱ የማያቋርጥ የ«ሽሽሽ» ድምፅ ነው። ሌሊት ጎልቶ ይሰማል። ትክክለኛው የውሃ ከፍታ ከትርፍ ቱቦው አፍ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ነው።

1. ፍሎተሩን በእጃችሁ ወደ ላይ አንሡት። ውሃው ከቆመ ዕቃው ጤነኛ ነው፣ ከፍታው ብቻ ይስተካከል። ኳስና ዘንግ ያለው ከሆነ ዘንጉን በሁለት እጅ ይዛችሁ ኳሱ ዝቅ እንዲል በጥቂቱ እጠፉት። ዘንጉ ፕላስቲክ ከሆነ አትጠፉት፣ ብሎኑን አዙሩ። ቀጥ ብሎ የቆመው ዓይነት ጎኑ ላይ የፕላስቲክ ብሎን ወይም መቆንጠጫ አለው፣ እሱን እያስተካከላችሁ ተንሳፋፊውን ዝቅ አድርጉ።

2. ኳሱን ነቅንቁት። ውስጡ ውሃ ከተንቀጫቀጨ ቀዳዳ አለው፣ አይንሳፈፍም። ኳሱ ብቻውን ከተገኘ እሱን ቀይሩ።

3. በእጅ አንሥታችሁትም ውሃው ካልቆመ ወይ ቆሻሻ ገብቷል ወይ ጎማው አልቋል። ውሃውን ዝጉ። የፍሎተሩን ክዳን ሩብ ዙር ወደ ግራ አዙራችሁ አውጡ። የሚወድቀውን ትንሽ ጎማ ያዙ። ከዚያ በተከፈተው አፍ ላይ ኩባያ ደፍታችሁ ይዛችሁ ቫልቯን ለጥቂት ሰከንድ ክፈቱና ዝጉ። አሸዋው ተገፍቶ ይወጣል። ኩባያው ካልተደፋ ውሃው ጣሪያ ይነካል። ጎማው ላይ የቀለበት ቅርጽ ጎድጓዳ መስመር ካያችሁ አርጅቷል፣ ቀይሩት። ሁሉም ፍሎተር አይከፈትም። ካልተከፈተ አታስገድዱት፣ ሙሉውን ቀይሩ።

4. ፍሌክሲብሉ ፍሎተሩ ላይ በሚገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ ትንሽ ወንፊት አለች። አውጥታችሁ እጠቧት። ታንኩ ለመሙላት ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እሷ ናት።

የግፊት ጉዳይ

አዲስ ፍሎተር ገዝተው ያስገቡና «ይህም ያፈሳል» የሚሉ ሰዎች በአብዛኛው የሚቸገሩት በግፊት ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ውሃ 10 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ሮቶው ከሽንት ቤቱ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ግፊቱ 0.3 ባር ገደማ ነው። አንዳንድ አዳዲስ ፍሎተሮች የሚዘጉት በውሃው ግፊት በሚገፋ ስስ ጎማ ነው። ግፊቱ ሲያንስ አጥብቀው አይዘጉም፣ ቀስ እያሉ ያንጠባጥባሉ። በሮቶ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ስትገዙ «በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራ» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ መግቢያው ላይ ቀዳዳዋ የጠበበች የፕላስቲክ መጥበቢያ አላት። ለኃይለኛ ግፊት የተሠራች ናት። ከሮቶ ከሆነ አውጧት፣ ከመስመር ከሆነ ተዉአት።

ከመስመር በቀጥታ የሚጠቀም ቤት ችግሩ ተቃራኒ ነው። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ከፍ ብለው ያሉ ቤቶች ውሃው ደክሞ ሲደርሳቸው፣ ታች ያሉት ብዙውን ጊዜ በርትቶ ይመጣባቸዋል። ሌሊት ሰው ሲተኛና ተጠቃሚው ሲቀንስ ግፊቱ ይበልጥ ይጨምራል። ቀን ደህና የሆነ ፍሎተር ሌሊት የሚያፏጨው ለዚህ ነው። መፍትሔው አንግል ቫልቯን ሙሉ በሙሉ አለመክፈት ነው። ታንኩ በሁለት ሦስት ደቂቃ የሚሞላበት ያህል ከፍታችሁ ተዉአት።

ፍሎተሩን ሙሉ ለመቀየር

ውሃውን ዝጉ፣ ታንኩን አፍስሱ፣ የቀረውን በስፖንጅ ምጠጡ። ባልዲ ከሥር አድርጉ። ፍሌክሲብሉን ፍቱ። ከታንኩ ሥር ያለውን ዳዶ ወደ ግራ ፍቱ፣ በሌላ እጅ ፍሎተሩን ከውስጥ ያዙት፣ አለዚያ አብሮ ይዞራል። አዲሱን ስታስገቡ ወፍራሙ ጎማ ታንኩ ውስጥ መሆን አለበት። ውጭ ያደረገው ሰው ታንኩ ያንጠባጥብበታል። ዳዶውን በእጅ እስከሚቆም አጥብቁ፣ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ። ፍሌክሲብሉን መልሱ።

ጎማ ባለበት መገናኛ ላይ ቴፍሎን አትጠምጥሙ። የሚዘጋው ጎማው ነው፣ ቴፍሎኑ ጎማው በደንብ እንዳይቀመጥ ያደርገዋል። ቴፍሎን የሚያስፈልገው ጎማ በሌለበት ጥርስ ላይ ነው፣ ለምሳሌ አንግል ቫልቯ ግድግዳው ውስጥ በምትገባበት።

ዳዶው ኖራ ይዞት ካልዞረስ? ጨርቅ በአቼቶ አርሳችሁ ጠምጥሙበትና አንድ ሰዓት ተዉት። አሁንም እምቢ ካለ፣ ፕላስቲክ ከሆነ በሴጌቶ ምላጭ ዳዶውን ብቻ ቀስ ብላችሁ ቁረጡ። ምላጩ ሸክላውን አይንካ።

ደረጃ 4፦ የመልቀቂያው የታች ጎማ

ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ሥራችሁ ይህ ነው። በእኔ ግምት በየቤቱ በጸጥታ ሮቶ የሚያደርቀው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ድምፅ የለውም፣ ወለልም አያረጥብም።

1. ቁልፉ ክዳኑ ላይ ያለ ከሆነ ክዳኑን መንጭቃችሁ አታንሡ። መጀመሪያ በቁልፉ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ወደ ግራ አዙራችሁ ፍቱ። ቁልፉን ከመልቀቂያው ጋር ሽቦ ወይም ዘንግ የሚያገናኘው ዓይነትም አለ። ቀስ ብላችሁ እያያችሁ አላቅቁ። በስልክ ፎቶ አንሡት፣ ስትመልሱ ትፈልጉታላችሁ።

2. አንግል ቫልቯን ዝጉ፣ ውሃ ልቀቁ፣ የቀረውን ምጠጡ።

3. የመልቀቂያውን አካል ከታች ይዛችሁ ሩብ ዙር ወደ ግራ አዙሩ። ብዙው ይላቀቅና ወደ ላይ ይወጣል። ካልዞረ አቅጣጫውን በፕላስቲኩ ላይ ያለ ቀስት ይነግራችኋል። በኃይል አታዙሩት፣ ጥርሱ ይሰበራል።

4. ከሥሩ ክብ ጎማ ታያላችሁ። አውጥታችሁ በሳሙና እጠቡት። ታንኩ ውስጥ የቀረውን ክብ ጠርዝ፣ ጎማው የሚያርፍበትን፣ በጣታችሁ ዙሪያውን ዳስሱ። ሻካራ ከሆነ ኖራ ይዞታል። በአቼቶ የራሰ ጨርቅ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡበትና ፈትጉት። በቢላዋ ወይም በሸካራ ወረቀት አትፋቁ፣ ጭረቱ አዲስ የውሃ መንገድ ይሆናል።

5. ጎማው ከደረቀ፣ ከተጣመመ ወይም ጣት ሲነካው ጥቁር ካወጣ አዲስ ግዙ። ሱቁ እስኪከፈት ግን ገልብጣችሁ ልታስገቡት ትችላላችሁ። ያልተበላው ጎን ጥቂት ቀን ይይዛል።

6. መልሱ፣ ሙሉ፣ የቀለሙን ፍተሻ ድገሙ።

በሰንሰለት የሚነሣ ክዳን ያለው ከሆነ ሰንሰለቱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ልል ይኑረው። ካጠረ ክዳኑን ከፍቶ ይይዘዋል። ከረዘመ ራሱ ከክዳኑ ሥር ይገባና ያፈሳል።

ከቀየራችሁት በኋላ ቁልፉ ተጭኖ ከቀረና ውሃው ያለማቋረጥ ከወረደ ጎማውን አትክሰሱ። ቁልፉን ከመልቀቂያው የሚያገናኘው ዘንግ ረዝሟል። ዘንጉን ዞር ዞር አድርጋችሁ አሳጥሩት። ቁልፉ ሳትጫኑት፣ በጣት ነካ ሲደረግ ጥቂት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ልኩ ያ ነው።

ሽታ ለማጥፋት ታንኩ ውስጥ የሚጣለውን የበረኪና ኪኒን ተዉት። ቀንና ሌሊት ጎማው ላይ ነው የሚሠራው።

ደረጃ 5፦ ቫልቭ፣ ፍሌክሲብልና ሻታፍ

ይህ ቀላሉ ነው። ፍሌክሲብሉ ጫፍ ላይ ካንጠባጠበ ውሃውን ዝጉ፣ ፍቱ፣ ውስጡ ያለችውን ጎማ እዩ። ጠፍታ ወይም ተቆራርጣ ታገኟታላችሁ። ቀይሩ፣ በእጅ አጥብቁ፣ በመፍቻ ጥቂት ጨምሩ። ቱቦው መሃል ላይ ካበጠ ወይም የውጭው የብረት ሽቦ ከዛገና ከተበጣጠሰ አትጠግኑት፣ ዛሬውኑ ቀይሩት። ርዝመቱን ለክታችሁ ግዙ። ተወጥሮ የሚደርስ አጭር ፍሌክሲብል ቶሎ ይበጠሳል።

ሻታፍ (በእጅ የሚያዝ የመታጠቢያ ውሃ መርጫ) ያለው ቤት ከቫልቯ ላይ ሁለት አፍ ያለው መገናኛ ተጨምሮበታል። ማፍሰሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ሻታፉን ከተጠቀማችሁ በኋላ የራሱን መዝጊያ ዝጉ። እጀታውን ብቻ ለቅቆ መሄድ ሆዙን (የሻታፉን ቱቦ) ሌሊቱን ሙሉ በግፊት ስር ያሳድረዋል። ሆዙ የሚፈነዳው እንዲህ ነው።

ደረጃ 6፦ በታንኩና በመቀመጫው መካከል

ብሎኖቹ ሥር ውሃ ያየ ሰው የሚያደርገው የመጀመሪያው ነገር በመፍቻ ማጥበቅ ነው። አታድርጉት። ጎማው ደርቆ ከሆነ ብታጠብቁትም አይዘጋም፣ የሚሰነጠቀው ሸክላው ነው።

ውሃውን ዝጉ፣ ታንኩን አድርቁ፣ ፍሌክሲብሉን ፍቱ። ብሎኖቹን ከውስጥ በካቻቢቴ ይዛችሁ ዳዶዎቹን ከታች ፍቱ። ሰው ይርዳችሁ። ታንኩን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሡት፣ ጨርቅ ላይ አስተኙት። ትልቁን ጎማና የብሎኖቹን ጎማዎች ሁሉንም ቀይሩ። አንዱን ቀይሮ ሌላውን መተው በወሩ ያንኑ ሥራ መድገም ነው። ብሎኑ ከዛገ ከነሮንዴላው ቀይሩ። በብሎኑ ራስና በሸክላው መካከል ጎማ ይሁን፣ ብረት በቀጥታ ሸክላ አይንካ።

ስትመልሱ ግራውን ጥቂት፣ ቀኙን ጥቂት እያላችሁ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ታንኩ ሳይወዛወዝ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ በቃ። ከዚያ በላይ አንድ ዙር አትጨምሩ።

ደረጃ 7፦ ከመቀመጫው እግር ሥር

ውሃ ስትለቁ ብቻ ወለሉ ከረጠበ መገናኛው ለቋል። የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ ስለሆነ ዙሪያውን በሲሊኮን ደፍኖ መተው መፍትሔ አይደለም። ውሃው ወለሉ ሥር ይገባል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ጎረቤታችሁ ጣሪያ ላይ ይወጣል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ። ውሃ ስትለቁ መቀመጫው ውስጥ ከፍ ብሎ እየዘገየ የሚወርድ ከሆነ፣ የሻወሩም ፍሳሽ አብሮ ከተመለሰ፣ መስመሩ ተዘግቷል ወይም ጉድጓዱ ሞልቷል። ጎማ ብትቀይሩም ያው ነው። መምጠጫ መኪና ጥሩ።

መስመሩ ደህና ከሆነና መቀመጫው በብሎን ብቻ የታሰረ ከሆነ ሁለት ሰው ሆናችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ውሃውን ዝጉ፣ ታንኩንም መቀመጫውንም በስፖንጅ አድርቁ። ፍሌክሲብሉንና የወለሉን ብሎኖች ፍቱ። ዙሪያውን የተቀባውን ሲሊኮን በምላጭ ቁረጡ። ቀጥ አድርጋችሁ አንሡ። የፍሳሽ ቱቦውን አፍ ወዲያው በጨርቅ ድፈኑ፣ ጋዝም እንዳይወጣ፣ ብሎንም እንዳይገባ። አሮጌውን ጎማ አውጡ፣ አፉን አጽድታችሁ አድርቁ፣ አዲሱን አስገቡ። ጨርቁን አውጡ! ሰው ይህን ይረሳል። መቀመጫውን መልሱ፣ ብሎኖቹን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ከአምስት ስድስት ጊዜ ውሃ ለቅቃችሁ ወለሉ ደረቅ መሆኑን ካያችሁ በኋላ ሲሊኮን ቀቡ፣ ከኋላ በኩል አራት ጣት ያህል ክፍት ተዉ። ወደፊት ቢያፈስ በዚያ በኩል ታዩታላችሁ።

መቀመጫው በሲሚንቶ የተገነባ ከሆነ ግን ባለሙያ ጥሩ። መሮ ይዞ መጀመር መቀመጫውን መስበር ነው።

ደረጃ 8፦ የጥገናው ማረጋገጫ

ጠግናችሁ እንደጨረሳችሁ «ቆመ» አትበሉ። የሶፍቱን ፍተሻ ያንኑ ቀን ድገሙ። ከመተኛታችሁ በፊት አዲስ ደረቅ ሶፍት በየመገናኛው አኑሩና ጠዋት እዩት። ግፊቱ የሚበረታው ሌሊት ነውና እውነተኛው ፈተና ያ ነው። የእርሳሱንም መስመር በሳምንቱ እዩ።

ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስ፣ በተለይ ክረምት ላይ ደፍርሶ ሲመጣ፣ የሽንት ቤቱን አንግል ቫልቭ ዝጉ። በቅድሚያ የግቢውን ቧንቧ ክፈቱና አሸዋውና አየሩ ይውጣ። ውሃው ሲጠራ ቫልቯን ክፈቱ። የሮቶውንም ሥር በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ አጽዱ፣ ዝቃጩ ቀጥታ የሚሄደው ፍሎተሩ ውስጥ ነው። የቀየራችሁትን ጎማ ስፋት ለክታችሁ የታንኩ ክዳን የውስጥ ገጽ ላይ ውሃ በማያጠፋው ቀለም ጻፉት፣ ቀኑንም ጨምሩበት።